የፓፓያ ልጣጭ ሻጋታ

በሪሁን ባለቤቱን ሔመንን አዲስ አበባ ቀብሮ ሀርጌሳ የተመለሰ ዕለት ከአየር ማረፊያው በቀጥታ ሥራ ገባ። ጦርነቱ ጣሪያውን የወሰደበት ኮሌጅ ገና እየተጠገነ ነበር፤ ለእሱ የደረሰችው አንዲት ክፍል ናት። እዚያ የፍራፍሬ ልጣጭ ላይ ሻጋታ ያራባል። ሻጋታው የሚያመነጨው ኢንዛይም ልጣጩን ወደ ስኳር ይለውጠዋል፤ ስኳሩን ደግሞ በእርሾ አብላልቶ ለምድጃ የሚሆን አልኮል ያወጣል። ልጣጩን የምትሰጠው ኮሌጁ በር ላይ ጭማቂ የምትሸጠው ዳሀቦ ነበረች።

«ወላሂ፣ ለመጠጥ እንዳይሆን» ትለዋለች ሁልጊዜ፣ በስደት ዘመኗ ጅጅጋ በለመደችው አማርኛ።

«ለእሳት ነው» ይላታል።

ያን ዕለት በሩን ሲከፍት መደርደሪያው ላይ ዐሥራ ሁለቱም ብልቃጦች ታጥበው ተደፍተዋል። አራት ወር እየመረጠ ያራባው ጥቁር ሻጋታ የለም። የጽዳት ሠራተኛዋ ይመኙሻል መጥረጊያዋን እንደያዘች ቆማለች።

«ከሐዘን ሲመለሱ ንጹሕ ክፍል ይጠብቅዎ ብዬ ነው፣ ጋሼ። የበሰበሰ መስሎኝ…»

«እሺ» አለ።

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ንዴቱ እስኪመጣ ጠበቀ፤ አልመጣም። መቃብሩ አፋፍ ላይ እንባውንም እንዲሁ ጠብቆ ነበር።

ይመኙሻል መጥረጊያዋን ጣለች። «ኧረ ይቆጡኝ!»

«ምን ብዬ ልቆጣሽ?»

ማልቀስ የጀመረችው እሷ ናት። እሱ ከወንበሩ ተነሥቶ፣ «የት ደፋሽው?» አላት።

ከፈረሰው ግድግዳ ጀርባ ወሰደችው። የደፋችው አብዛኛው በፀሐይ ደርቋል። አንድ ድንጋይ ገለጥ ሲያደርጉ ግን እርጥብ የፓፓያ ልጣጭ ላይ እንደ ጥላሸት የጠቆረ ሻጋታ አገኙ። ይመኙሻል እልል ልትል ምንም አልቀራት። እሱ ቆንጥሮ ብልቃጥ ውስጥ ከተተና ገባ። ከባዕድ ሻጋታ እስኪጠራ ደጋግሞ አራባው። ለምን እንደሚለፋ ራሱን አልጠየቀም፤ እጁ ሥራውን ያውቀዋል።

በሁለተኛው ወር ግማሽ ሊትር አልኮል ወጣ። ማንም እንዳይጠጣው መራራ ነገር ጨምሮበት ዳሀቦ ዘንድ ወስደው ምድጃዋ ላይ ለኮሱት። ነበልባሉ በቀን ብርሃን አይታይም ነበር፤ ዳሀቦ ያመነችው የሻይ ማንቆርቆሪያው ሲንተከተክ ነው። እየሳቀች የመጀመሪያውን ሻይ ለእሱ ቀዳችለት። በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው።

«ጋሼ፣ አላቃጠለዎትም?» አለች ይመኙሻል ደንግጣ።

«አቃጥሎኛል መሰለኝ።» ባዶውን ብርጭቆ አየ። «ሔመን ትኩስ አትወድም ነበር።»

ይመኙሻል ሁለተኛውን ሻይ ከብርጭቆ ወደ ብርጭቆ እየገለበጠች አቀዘቀዘችና እጁ ላይ አኖረችለት።