መሐሪ ገና እየወረደ ነው

ቁልቁለቱ የት ላይ ነው የሚያልቀው? ሶስና ይህን ጥያቄ ለዓመታት ይዛ ኖራለች። ታላቅ ወንድሟ መሐሪ ኦስትሪያ ውስጥ አንድ ተራራ ላይ ወጥቶ በብስክሌት መውረድ ከጀመረ ወዲህ ታች አልደረሰም።

አደጋ አላገኘውም፤ አልጠፋምም። በየማለዳው ጥዶቹ መሀል ወዳለው ኩርባ ከላይ ይመጣል። ሶስና ውሃ የሞላ ኮዳ ትዘረጋለታለች፤ ሳይቆም ይቀበላትና ወደ ታች ያልፋል። በማግስቱ እንደገና ከላይ ይመጣል። ሽቅብ ሲወጣ ያየው ሰው የለም።

ሲያልፍ ጊዜው ለአንድ ንግግር ብቻ ስለሚበቃ መልስ የሚመጣው በማግስቱ ነው።

“ፍሬን ያዝ እንጂ” አለችው መጀመሪያ ሰሞን።

“ፍሬኑማ ይሠራል፤ ቁልቁለቱ ነው እምቢ ያለው” አላት በማግስቱ።

አንድ ጠዋት “ሶሲ፣ ወፍረሻል” ብሏት አለፈ። “ካፖርቱ ነው” ለማለት እስከ ማግስቱ ጠበቀች። በሦስተኛው ቀን “ካፖርቱም ወፍሯል” አላት።

እናታቸው ከአዳማ በደወለች ቁጥር “ልጄ ደረሰ?” ትላለች።

“እየወረደ ነው፣ እማ።”

“በይ ውሃ እንዳታጓድይበት።”

ሶስና ወደዚህ አገር የመጣችው ለትምህርት ነበር። ትምህርቱ አልቋል። አሁን ኩርባው ላይ ቆማ ታነባለች፤ የመጽሐፎቿ ገጾች ከጭጋጉ የተነሣ አብጠዋል። በቅርቡ ሩቅ ከተማ ያለ ቤተ መጻሕፍት ሥራ ሰጥቷት መልሷን እየጠበቀ ነው።

በሽቦ ገመድ ሰው ወደ ተራራው የሚያወጣውን ኬብል ካር የሚያንቀሳቅሰውን ሽማግሌ፣ አንቶንን፣ “በእኔ ፈንታ እርስዎ ቢያቀብሉልኝስ?” ብላ ጠየቀችው።

“ያመመሽ ጊዜ ሞክሬ ነበር” አለ አንቶን። “ሌላ ሰው ከቆመ አይመጣም።”

“ታዲያ የት ይሆናል?”

“ያንን እንኳ አላውቅም። ግን እሱ ደህና ነው፤ የሚወርድ ሰው አይደክመውም። የሚደክመው ቆሞ የሚጠብቀው ነው።”

ሶስና በእርግጥ ደክሟታል። ተኝታ እንኳ ክንዷ እንደተዘረጋ ያድራል።

“ልሄድ ነው” አለችው መሐሪን።

በማግስቱ “ወዴት?” አላት።

ያን ቀን ለቤተ መጻሕፍቱ እንደማትመጣ ጻፈች። ኩርባው ላይም ከእንግዲህ ላትቆም ወሰነች። ቁልቁለቱ እስኪያልቅ በእግሯ ትወርዳለች፤ እዚያ፣ መቆም በሚቻልበት ቦታ፣ ትቀበለዋለች።

በነጋታው ሲያልፍ “ወደ ታች” አለችው። ኮዳውን ተቀብሎ ዞሮ አያት። ከዚያ በፊት ዞሮ አይቷት አያውቅም።

እሱ ባለፈበት መንገድ ተከትላው መውረድ ጀመረች። የመንደሩ ጣሪያዎች ከታች ይታያሉ፤ ብትሄድ ብትሄድ ግን አልቀረቡም። አንድ ቀን ሙሉ ወረደች፤ ሌሊቱን አንድ ጥድ ሥር አድራ ሲነጋ ቀጠለች። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስም መሐሪ ከላይ አልመጣም። ከዚያ በታች በየኩርባው አንድ አንድ ሰው ቆሟል፦ ነጠላ የለበሱ እናት፣ ከረባት ያሰረ ሰውዬ፣ ነፍሰ ጡር ሴት። ሁሉም ኮዳ ይዘው ሽቅብ ያያሉ። ስትደርስባቸው መንገድ ይለቁላታል፤ ዓይናቸውን ግን ከላይኛው ኩርባ አይነቅሉም።

ቀጥሎ ባለው ኩርባ ላይ የቆመው የማታውቀው ሰው እሷን ያያል። ክንዱን ዘረጋ።

“ሶስና፣ ዛሬስ ዘገየሽ” አላት።

ኮዳውን ሳትቆም ተቀበለችው።