ከጎኔ ያለው ወንበር

ታክሲ ነጂ ሰው መቁጠር ካቃተው ቁልፉን አስረክቦ ዓሣ ይሽጥ። ይህን የምለው እኔ ቡሽዓይብ ነኝ፤ በወደቧ ከተማ በጀዲዳ መናኸሪያ ሠላሳ ዓመት የኖርኩ፣ አፌ ቢከፋም ቁጥር የማልስት ሰው። ስለዚህ በዚያ የነሐሴ ጉዞ ሦስት ሰው ነበርን ካልኩ ሦስት ነበርን፤ ባቱል፣ አክብረን ላላ የምንላት አክስቷ ዙበይዳና እኔ።

ባቱል ከባሕር የራቀችው የመክነስ ከተማ ልጅ ናት። ቤተሰቦቿ በየነሐሴው ሙቀቱን ሸሽተው ወደ ባሕሩ ይመጡ ነበርና እሷና ታናሽ ወንድሜ ሚሉድ የተዋወቁት እዚሁ ነው። ለጋብቻ ጠየቃት፤ አባቷ «መጀመሪያ ሰው ሁን» አለው። ሚሉድም ሰው ሊሆን በጀልባ ወደ ስፔን ተነሣ። ይኸው አሥራ አንድ ዓመት። እሷ በየዓመቱ እየመጣች «ደወለ?» ትለኛለች፣ እኔ ደግሞ «ደውሏል፣ ሰላም ብሎሻል» እላታለሁ።

አልደወለም። በተነሣ በአምስተኛው ቀን ባሕሩ ሲዲ ቡዚድ ዳርቻ ላይ አውጥቶ ጣለው። ፖሊሶቹ ሬሳ ክፍል ወስደው ጨርቁን ገለጡልኝ። እናታችን በእጇ የሠራችለት አረንጓዴ ሹራብ አሁንም ከላዩ አልወለቀም። «ታውቀዋለህ?» አሉኝ። እናቴ ልቧን ታማለች፤ በዚያው ሳምንት ሐኪሟ «ክፉ ወሬ እንዳትሰማ» ብሎኝ ነበር። «አላውቀውም» አልኩ። ስም በሌለው መቃብር ቀበሩት። ከአርባው በኋላ እናገራለሁ ስል፣ ከዒድ በኋላ እናገራለሁ ስል ውሸቱ አደገ፤ ልጅ ቢሆን ትምህርት ቤት ይገባ ነበር። እናቴም ባለፈው የሻዕባን ወር ስሙን እየጠራች ሞተች።

በአሥራ አንደኛው ዓመት ነሐሴ ባቱል ታክሲዬን ለሦስት ቀን ያዘችው። «አክስቴ ባሕር አይታ አታውቅም፤ ከተማውንም ዙሪያውንም አሳየን» አለችኝ። ሁለቱ ከኋላ ተቀመጡ፤ ከጎኔ ያለው ወንበር ባዶ ነው። ገና ሳንነሣ እጄን ባሳርፍበት ርሷል። መኪና አጣቢውን ከነዘር ማንዘሩ ሰደብኩት።

በመጀመሪያው ቀን ፖርቱጋሎች ከመሬት በታች ወደ ሠሩት የውኃ ማጠራቀሚያ ወሰድኳቸው። ትኬት ቆራጩ አራት ቀደደ።

«ሦስት ነን» አልኩት።

«ቀድሟችሁ የወረደውስ? ከመኪናህ ሲወርድ አይቼዋለሁ።»

«ወንድሜ፣ መነጽርህን ጥረግ!»

ከታች ቀዝቃዛ ነው። በጣሪያው ቀዳዳ ብርሃን ይወርዳል፣ ወለሉ ላይ ስስ ውኃ ተኝቷል፣ ምሰሶዎቹም ተገልብጠው ይታዩበታል። ላላ ዙበይዳ አገጯን ይዛ «ሱብሃነላህ! ይሄን የሚያህል ገንዳ እያላቸው ነው እንዴ ጥለው የሄዱት? እኔ ብሆን ምንጣፌን ሁሉ አጥብበት ነበር» አለች። ሳቅን። እየሳቅኩ ዝቅ ብዬ ውኃውን ሳይ የሦስታችን ምስል አለ፣ ከእኔ ጎን ደግሞ አራተኛ። ዞርኩ፤ ማንም የለም። ከዚያ ወዲያ ወደ ውኃው አላየሁም። ቀድሜያቸው ደረጃውን ወጣሁ፤ «ብርዱ ለሪሄ አይሆንም» አልኳቸው።

በሁለተኛው ቀን ወደ ዋሊድያ ወረድን። ባሕሩ እዚያ ገብቶ እንደ ሐይቅ ይተኛል፤ ዓሣ እየጠበሱ ዳር ላይ ያበላሉ። አስተናጋጁ አራት ሳህን ደረደረ።

«ምነው ልጄ፣ ሦስት ሰው ነን» አለች ላላ ዙበይዳ። «ጅብ እንመስላለን?»

«ያ ከመኪናችሁ አጠገብ ሹራቡን የሚጨምቀው አብሯችሁ አይደለም እንዴ እናቴ?»

«ምን ዓይነት ሹራብ?» አለች ባቱል ተስፈንጥራ።

«አረንጓዴ።»

ክው አልኩ። ባቱል ጫማዋን እንኳ ሳታደርግ ሮጣ መኪናውን ዞረች። ስትመለስ ፊቷ በርቷል። «ማንም የለም፤ መሬቱ ግን ርጥብ ነው» አለች። አክስቷ እጇን ልትታጠብ ስትነሣ ወደ እኔ ጠጋ አለች።

«ወንድሜ ቡሽዓይብ፣ ተደብቆ መጥቶ ነው? ሊያስደነግጠኝ ነው?»

«ስንት አረንጓዴ ሹራብ አለ በአገሩ» አልኳት።

«እንግዲያው ስማኝ። መክነስ ውስጥ አንድ መድኃኒት ቤት ያለው ሰው ጠይቆኛል። ሚስቱ ሞታበት ሁለት ልጆች ያሳድጋል፤ ደግ ነው፣ ያስቀኛል። ዓርብ መልስ ይጠብቃል። ሠላሳ ስድስት ሞላኝ እኮ። በአላህ ይሁንብህ፣ አንድ ቃል ብቻ። ሚሉድ አለ? አለ ካልከኝ ሰውዬውን እመልሰዋለሁ፣ ሚሉድን እጠብቃለሁ።»

እውነቱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፤ ወላሂ ነበር። የወጣው ግን የለመደው ነው።

«አለ» አልኩ።

እጄን ይዛ ሳመችው። ይህን እጅ ቢቆርጡልኝ በወደድኩ። ዓሣውን ለድመቶቹ ወረወርኩት።

በሦስተኛው ቀን ወደ አዘሙር፣ ወንዙ ከባሕር በሚገናኝበት ወዳለው የቅድስቷ ሴት የላላ ዓይሻ ባሕርያ መካነ መቃብር ሄድን። ሴቶች የሚፈልጉትን ወንድ ስም ከነእናቱ ስም በሕና ግድግዳው ላይ ይጽፋሉ፤ ስሙ የተጻፈ ሰው የትም ይሁን የት ይመጣል ይላሉ። ባቱልም የሚሉድን ስም ልትጽፍ ገባች። እኔ ደጅ ተቀምጬ የወንበሩን ውኃ በጨርቅ እጨምቃለሁ። ሦስተኛ ጊዜዬ ነው፤ አንዴ ጣቴን ብቀምሰው ጨው ነው።

ጠባቂዋ አሮጊት ወጥታ ፊቴ ቆመች።

«አንተ ነህ ያመጣሃቸው? ያቺ ልጅ የምትጽፈው የማንን ስም ነው?»

«ምነው?»

«ሕናው እንቢ አለ። ሦስቴ ጻፈች፣ ሦስቴ ግድግዳው አልቦት ታጠበ። አርባ ዓመት እዚህ ስኖር ይሄን ያየሁት ሁለት ጊዜ ነው። ስማቸው የተጻፈው ሁለቱም ሬሳ ነበሩ።»

ባቱል ከኋላዋ ቆማ ትሰማለች። ጣቶቿ በሕና ቀልተዋል። አሮጊቷን አላየቻትም፤ እኔን ነው ያየችው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኔ አሥራ አንድ ዓመት አደረ። ተነሥቼ ሁሉንም ነገርኳት። ሲዲ ቡዚድን፣ ጨርቁን፣ ሹራቡን፣ «ታውቀዋለህ?» ሲሉኝ ያልኩትን። ሳለቅስ ንፍጤ ከጢሜ ጋር ተቀላቀለ፤ አላፈርኩም።

ላላ ዙበይዳ «አላህ ይይልህ! የሰው ልጅ ዕድሜ ስንዴ መሰለህ የምትበትነው?» ብላ በቦርሳዋ ትከሻዬን መታችኝ። ባቱል ግን አልጮኸችም። «ሰላም ብሎሻል ትለኝ ነበር» አለች። «በየዓመቱ ሰላም ብሎሻል ትለኝ ነበር።» ተመልሳ ገባች። በበሩ ስንጥቅ አየኋት፤ ሻሿን አውልቃ የቀረውን ቀይ ነጠብጣብ ከግድግዳው ትጠርጋለች፤ እንደ ሕፃን ፊት ቀስ ብላ።

ስትወጣ በሩን ከፈትኩላት።

«አልገባም» አለች። «አክስቴ፣ ሌላ ታክሲ እንያዝ።»

«ባቱል፣ እህቴ፣ ላድርስሽ።»

«የምታደርሰው አለህ። እኔ ዓርብ መልሴን ሰጥቼ ልኑር። ሚሉድ ግን አንተን ነው የሚጠብቀው፤ እኔን አይደለም።»

ጥለውኝ ሄዱ። ወደ ጀዲዳ ብቻዬን ነዳሁ። ቀትር ነው፣ ፀሐዩ ያቃጥላል፤ የታክሲው ውስጥ ግን እንደዚያ ውኃ ማጠራቀሚያ በርዷል። ወደ ጎኔ አላየሁም። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት እንዳዞርኩት አሁንም ፊቴን ወደ መንገዱ አዙሬያለሁ።

ከከተማው መግቢያ ጀንዳርም የምንለው የመንገድ ፖሊስ አስቆመኝ። ጎንበስ ብሎ በመስኮቱ አየ፤ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ከጎኔ። ፊቱ ተለወጠ።

«የጎንህ ሰውዬ ቀበቶ አላሰረም።»

ወረቀቶቼን ዘረጋሁለት፤ አልተቀበለኝም።

«ምን ሆኖ ነው እንዲህ ውኃ በውኃ የሆነው? ሳናግረው አይመልስም። የት አነሣኸው? ታውቀዋለህ?»

ያቺው ጥያቄ። በዚያው በመንግሥት ሰው አፍ።

«ወንድሜ ነው» አልኩ። «ሚሉድ ይባላል። የእናቴ የፋጥና ልጅ፣ ታናሼ ነው። ስሙ ወዳልተጻፈበት ቤቱ እየወሰድኩት ነው።»

ጀንዳርሙ ጥቂት አየንና እጁን አወዛወዘ። ያኔ ዞርኩ። ቀበቶውን ስቤ ባዶ በሚመስለው ላይ አሳለፍኩት፤ እጄን ርጥብ ሱፍ ነካው። አሰርኩለትና ወደ መቃብሩ ነዳሁ።