ሥጋ ያልገባበት ገና

ለገና አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ እፀገነት የባሏን ታላቅ ወንድም ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ከወንዶች ጋር ቆሞ አየችውና ወደ እሱ ሄደች።

«ጋሼ ዘርዓብሩክ፣ በሬው መቼ ነው የሚገዛው? የቅርጫ መዋጮዬን ለማን ልስጥ?»

ዘርዓብሩክ ጋቢውን አስተካከለ። አጠገቡ የነበሩት ሁለት ሰዎች መሬት መሬት አዩ።

«አይ፣ አንቺ አትቸገሪ» አላት። «የዓለምሰገድን ቦታ ለአዲሱ ጎረቤታችን ሰጥተነዋል። ለከተማው እንግዳ ነው፣ ቤተሰቡም ብዙ ነው።»

«የእኔስ ቤት?»

«አንቺማ ብቻሽን ነሽ። ደግሞ ቅርጫ የአባወራ ነገር ነው፤ ታውቂዋለሽ። ከራሴ መደብ ቆርጬ እልክልሻለሁ፤ በበዓል ሥጋ ይቀርብኛል ብለሽ አትስጊ።»

«አባወራ ሲሞት እማወራ አትተካም?»

«ደንቡ እንደዚህ ነው» አለና ፊቱን ወደ ሰዎቹ መለሰ።

እፀገነት ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ባሏ ዓለምሰገድ፣ የምድር ባቡር ሠራተኛ የነበረው፣ ሐምሌ ላይ ነው የሞተው፤ አንድ ልጇ አዳማ አግብታ በቅርቡ ወልዳለች፣ ለበዓልም አትመጣም። እሷ ራሷ የትምህርት ቤት ሬጅስትራር ናት። ሃያ ስድስት ዓመት ስም ስትመዘግብ ኖራለች። የተማሪ ስም የሚሰረዘው ልጁ ሲሞት ወይም ሲለቅ ብቻ እንደሆነ ከእሷ የተሻለ የሚያውቅ የለም። እሷ አልሞተችም፤ አልለቀቀችምም። ደግሞ ሌላም ነገር ትዝ አላት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በየበዓሉ በሬው ታርዶ ወንዶቹ መደብ መደቡን ደልድለው ዕጣ ሲጣጣሉ፣ ጨጓራና አንጀቱን አጎንብሳ ስታጥብ የነበረችው እሷ ናት። ያን ጊዜ ቅርጫ የአባወራ ነው ያላት ሰው አልነበረም።

«እንግዲያው አይላኩልኝ» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ዘንድሮ እኔ ቤት ሥጋ አይገባም። የገና ምሳ ግን እንደ ወትሮው እኔ ዘንድ ነው። እትዬ አስካለን ይዘው ይምጡ።»

«ያለ ሥጋ የምን የገና ምሳ?»

«ሲመጡ ያዩታል።»

ይህን ብላ ሄደች። የከዚራን ሰፈር የዛፍ ጥላ ይዛ ቤቷ በር ላይ ደረሰች። ምን እንደምታቀርብ አንዳች ሐሳብ አልነበራትም።

ጎረቤቷ ፊልሳን ነገሩን ስትሰማ ሳቀች። ሁለቱ በአንድ ግንብ ተለያይተው የሚኖሩ ናቸው። ፊልሳን መጋላ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ትሸጣለች፤ ባሏ ወርሳሜ በጂቡቲ መንገድ ከባድ መኪና ይነዳል።

«አቦ፣ ምን አስጨነቀሽ! አንድ ዶሮ ግዢና ገላግዪው።»

«ዶሮውን ማን ያርድልኛል?» አለች እፀገነት። «ቢላና ዶሮ ይዤ በር ላይ ቆሜ አላፊ አግዳሚውን ወንድ ‹ወንድሜ፣ እባክህ ባርክልኝ› ልል ነው? ዘንድሮ አልለምንም፣ ፊልሳን። በሬም አልለምን፣ አራጅም አልለምን።»

ፊልሳን ሳቋን ዋጠችው። «እሺ አባዮ» አለች፤ በሶማሊኛ እህቴ ማለቷ ነው። «ታዲያ ምን ልትሠሪ?»

ጭንቁ እሱ ነበር። አርባ ሦስት ቀን ምስርና ሽሮ ሲበላ ለከረመ ሰው በበዓሉም ቀን ምስርና ሽሮ ማቅረብ፣ ዘርዓብሩክን ልክ ነህ እንደማለት ነው። የገና ማዕድ መሃሉ ላይ ጉብ የሚል ነገር ይፈልጋል፤ ሰው እጁን ታጥቦ ሲቀርብ ዓይኑ የሚያርፍበት። እፀገነት ሳምንቱን ሙሉ ቢሮ ተቀምጣ ይህን ስታወጣ ስታወርድ ሰነበተች። አንድ ቀን፣ የአንዲት ተማሪ ወላጅ ፊት ማኅተም ይዛ ሳለ፣ ዶሮ ወጥን ዶሮ ወጥ የሚያደርገው ዶሮው እንዳልሆነ ገባት። ሽንኩርቱ ነው። ግማሽ ቀን ሲቁላላ የሚውለው ሽንኩርት፣ በርበሬው፣ ቅቤው፣ ኮረሪማው። ዶሮዋማ መጨረሻ ላይ የምትገባ እንግዳ ናት።

በዋዜማው ጠዋት ከቀፊራ ገበያ አራት ኪሎ ቀይ ሽንኩርት፣ አንድ ሙሉ ዱባና ሁለት ደርዘን የሐበሻ እንቁላል ይዛ በባጃጅ ተመለሰች። ለዚህ ሁሉ ሽንኩርት የሚበቃ ድስት ስላልነበራት ፊልሳን የራሷን ትልቁን ድስት በግንቡ ላይ አቀበለቻት፤ ከድስቱም ጋር ገጠር ካሉ ዘመዶቿ የመጣላትን የላም ቅቤ ጨመረችበት። ሱቋንም ዘግታ መጣችና ሽንኩርት መክተፍ ያዘች።

ሽንኩርቱ ያለ ዘይት እስከ ቀትር ተቁላላ። ከዚያ በርበሬው ገባ፤ ጠብ ጠብ እያለ ውኃ፤ ከዚያ የተነጠረው ቅቤ። እፀገነት በሌላ ምድጃ ላይ ዱባውን በነጭ ሽንኩርትና በቅቤ አበሰለች። የሽምብራ ዱቄት በቅመም አሽታ በዓሣ ቅርጽ ጠፈጠፈችና ጠበሰችው፤ ያ ቆራርጣ በወጡ ውስጥ የምትጨምረው የሽምብራ ዓሣ ነው። ለጎመኑም አይብ አዘጋጀች። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወጡ ጠቆር ብሎ፣ ቅቤው ወደ ላይ ተንሳፎ፣ መዓዛው ቤቱን ሞላው።

«ጨው ይበቃው ይሆን?» አለች እፀገነት። ጾም ላይ ስለሆነች መቅመስ አትችልም። በየዓመቱ የዋዜማ ወጥ የምትሠራው በግምት ነበር፤ ፊልሳንም አጠገቧ ብትቀመጥም የክርስቲያን ሥጋ ስለማትበላ ጭልፋውን ነክታው አታውቅም።

«አምጪው እኔ ልቅመስ» አለች ፊልሳን። በመዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰች። ዓይኗን ጨፈነች። «ትንሽ ጨው ይጎድለዋል» ካለች በኋላ ድንገት ዓይኗን ገለጠች። «ቆይ፣ ቆይ! ሥጋ ከሌለበት እኔ ይህን ሁሉ እበላለሁ ማለት ነው?»

«ማለት ነው።»

«ወላሂ! ሃያ ሁለት ዓመት በገና ብስኩትና ሚሪንዳ ስታበይኝ ኖርሽ!»

ሁለቱም እስኪያስላቸው ሳቁ። እፀገነት ግን ሳቋ አልቆ ጨው ስትጨምር የከረመባት ጭንቅ ቀለል ሲላት ተሰማት። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ያን ምሳ የምታዘጋጀው ለዘርዓብሩክ ነበር፤ እሱን ለማሳፈር። አሁን የሚበላው ሰው ተገኘ።

የገና ዕለት ጠዋት ግን ቀላል አልነበረም። ከየግቢው የጥብስ ሽታ መጣ። ሥጋው አማራት ወይ ቢሉ፣ አዎ፣ አማራት፤ ምራቋን ዋጠች። መስኮቱን ዘግታ እንቁላሉን ልጣ፣ ጫፍ ጫፉን ሰነጣጥቃ ወጡ ውስጥ ጨመረች።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ዘርዓብሩክና ሚስቱ አስካለማርያም መጡ። እሱ በእጁ ጥቁር ፌስታል አንጠልጥሏል። አስካለማርያም ሦስት ጊዜ ስማት ወደ ውስጥ አለፈች። እሱ በረንዳው ላይ ቆሞ ፌስታሉን ዘረጋላት።

«እንኳን አደረሰሽ። ይኸው፣ ከጎድኑም ከሽንጡም አለበት። አኩርፈሽም ቢሆን ያንቺው ነው።»

«እንኳን አብሮ አደረሰን። ይግቡ፣ ጋሼ። ፌስታሉ ግን አይገባም።»

«አሁንም?»

«አሁንም።»

ዘርዓብሩክ አንገቱን አስግጎ ወደ ውስጥ ተመለከተ። ማዕዱ ተዘርግቷል። መሃል ላይ ቀዩ ወጥ ከእንቁላሉና ከሽምብራ ዓሣው ጋር፣ ዙሪያውን ዱባው፣ ጎመኑና አይቡ። ከማዕዱ አጠገብ ፊልሳን ማስታጠቢያ ይዛ ለአስካለማርያም እጅ ውኃ ታፈሳለች።

«አርባ ሦስት ቀን ጾመን» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ጌታ በተወለደበት ቀን ዱባ ልታበይን ነው?»

«ጌታ የተወለደው በረት ውስጥ ነው፣ ጋሼ። ከብቶቹ በትንፋሻቸው አሞቁት እንጂ ታረዱለት የሚል የት አነበቡ?»

«አፍ አውጥተሻል! ወንድሜ ቢኖር ይህን ባላየሁ!»

እፀገነት የበሩን መቃን ያዘች። «ወንድምዎ ቢኖር እርስዎም አይሰርዙኝም ነበር። እሱ ሞቷል፤ ስሙ ቢሰረዝ አይጎዳውም። እናንተ የሰረዛችሁት የእኔን ቤት ነው። ይኸው ቤቱ አለ። እሳት ይነድበታል፣ ሰው ይበላበታል። ከገቡ ደስ ይለኛል። ካልገቡ ደግሞ በሰላም ይሂዱ።»

ዘርዓብሩክ ፌስታሉን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። ለአፍታ ሊገባ የመሰለበት ጊዜ ነበር። ከዚያ ግን «አስካለ! ተነሺ እንሂድ!» አለ።

አስካለማርያም ከተቀመጠችበት አልተነሣችም። ሠላሳ አምስት ዓመት የኖረችው ተነሺ ስትባል እየተነሣች ነው። ውኃ የሚንጠባጠቡ እጆቿን ወደ ላይ አንሥታ አሳየችው።

«እጄን ታጥቤያለሁ እኮ» አለች። «የታጠበ እጅ ባዶውን አይነሣም። አንተ ቅደም፤ እደርስብሃለሁ።»

ሰውየው ትንሽ ቆሞ ወጣ። ከበሩ ውጭ ባጃጅ ሲጠራ ሰሙት። ከዚያ አስካለማርያም ከመሃሉ አንድ ጉርሻ ጠቅልላ ጎረሰች፣ በዝግታ አላመጠችና «ዶሮ ወጥ ነው እኮ! ዶሮዋ ብቻ ናት የቀረችው» አለች።

ፊልሳን እንቁላል ቆርሳ በወጥ ነከረችና ለእፀገነት አጎረሰቻት። ሦስቱ ሴቶች በሉ። አስካለማርያም ሁለተኛ እንጀራ ሲጨመርላት እምቢ አላለችም። መሃል ላይ፣ ከማዕዱ ቀና ሳትል፣ «ያን ቀን ስብሰባቸው እኛ ቤት ነበር። ሲሰርዙሽ ሻይ ይዤ ቆሜ ነበር። ምንም አላልኩም» አለች። እፀገነት ዱባውን ወደ እሷ አስጠጋችላት።

ከበዓሉ በኋላ ዘርዓብሩክ ቤተ ክርስቲያን ሲያያት አንገቱን ያዞር ጀመር። እሷ ግን ሁልጊዜም ቀድማ ሰላም ትለዋለች፤ አንዳንዴ ይመልሳል፣ አንዳንዴ አይመልስም። አስካለማርያም በየአሥራ አምስት ቀኑ ብቻዋን መምጣት ለመደች።

ለፋሲካ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ እፀገነት ቢሮዋ ሳለች ስልኳ ጠራ። ከቅርጫው አባላት አንዱ ነበር። ጉሮሮውን ጠረገ፣ ስለ ጤናዋ ጠየቀ፣ ስለ ልጇ ጠየቀ፣ በመጨረሻም «አንድ ቦታ ተለቋል፤ ‹የዓለምሰገድ ሚስት› ብለን እንመዝግብሽ ወይ ተባብለን ነው» አላት።

«እፀገነት ብላችሁ ከጻፋችሁ እገባለሁ» አለች። «መደብ ሲደለደል እኔም እቆማለሁ፤ ዕጣዬን በእጄ አነሣለሁ። ጨጓራውን ደግሞ በተራ እናጥባለን፤ ወንዶቹም ጭምር።»

«እ... እንግዲህ እንነጋገርበት» አለ ሰውየው።

«ተነጋገሩበት» አለችና ስልኩን ዘጋች። በመስኮቷ ፊት ሰልፍ ይዘው ከቆሙት ወላጆች ቀዳሚዋን ቀና ብላ አየቻት።

«የልጅሽ ሙሉ ስም ማን ነው?»