ጨለለቅቱ ብቻዋን አትፈርድም

የቡና ገበሬዎች ዩኒየን ሊቀመንበር አቶ ወልደዮሐንስ ለአራት ሰዓት ተቀጥረው፣ ከለቅሶ ቤት ወጥተው ዲላ የደረሱት ስድስት ሰዓት ሲያልፍ ነበር። የዩኒየኑ የኮምፒውተር ባለሙያ ሚክዳድ ከማለዳ ጀምሮ በሰርቨር ክፍሉ ደጃፍ ሲንቆራጠጥ ቆይቷል። የአንድ ዓመት ልፋቱ በዚህች ዓርብ ይለይለታል። ሙከራው ከተሳካ ዩኒየኑ በራሱ ክላውድ፣ እርስ በርስ በተያያዙ ሰርቨሮች፣ መከሩን እየመዘገበ ይቀበላል፤ ካልተሳካ ቦርዱ ሰኞ ተሰብስቦ ሥራውን ይሰርዘዋል።

አምና በመከር መሃል ዲላ የነበረው ብቸኛ ሰርቨር ተቃጥሎ የመፈልፈያ ጣቢያዎቹ ሚዛን ሁሉ ቆመ። እሸት ቡና ደግሞ ቀጠሮ አያውቅም፤ በተለቀመበት ዕለት ካልተፈለፈለ ይበላሻል። ገበሬው ጆንያውን ታቅፎ አደረ፤ ጠዋት ሽታው ብቻ ቀረለት። ሚክዳድ አዲሱን ንድፍ ያወጣው ከዚያ ወዲህ ነው። አንዱ ማዕከል ዲላ፣ አንዱ ጨለለቅቱ። ዲላ የተጻፈው ወዲያው ጨለለቅቱ ይጻፋል፤ አንዱ ቢወድቅ ሌላው ሥራውን ይረከባል። ሦስተኛዋ ትንሽ ማሽን ቡና አትመዘግብም፤ ሥራዋ ሁለቱን ማየትና ማን በሕይወት እንዳለ መመስከር ብቻ ነው። እሷን ይርጋጨፌ፣ አጎቱ ኸይረዲን ሱቅ ውስጥ አስቀምጧታል።

«ሒባ፣ እየመዘናችሁ ነው?» አለ በስልኩ ድምፅ ማጉያ።

«ቡናው እስኪደርስ አሸዋ እያስመዘንኩ ነው» አለች የሥራ ባልደረባው ከጨለለቅቱ። «የዘንድሮ አሸዋ ጥሩ ደረጃ ሳይወጣለት አይቀርም።»

ሊቀመንበሩ ፈገግ አሉ። ሚክዳድ ግን አልሳቀም። ዋናውን ማብሪያ ዝቅ አደረገው። ክፍሉን ሞልቶት የነበረው የማራገቢያ ጩኸት እየሰለለ ሄዶ ጸጥ አለ። የዲላ ማዕከል ሞተ።

«ሒባ?»

«ቆሟል» አለች ቀስ ብላ። «ሚዛኑ መዝግብ ስለው እምቢ አለኝ።»

ሚክዳድ በባትሪ ወደሚሠራው ላፕቶፑ ዞሮ ቢያይ ጨለለቅቱ ደህና ናት፤ ምስክሯ ማሽን ግን የለችም። ማታ ማታ ስትጠፋ አይቷት ነበር፤ እንደ አገሬው ሁሉ «ኔትወርክ ነው» ብሎ አለፋት።

«ታዲያ አሁን ምን ይደረጋል?» አሉ አቶ ወልደዮሐንስ።

አንድ ትእዛዝ መጻፍ ይበቃ ነበር። «ዲላ ጠፍቷል፣ ቀጥዪ» ቢላት ጨለለቅቱ በደቂቃ ውስጥ ትነሳለች፤ ሊቀመንበሩም ልዩነቱን አያውቁም። ጣቱ ቁልፉ ላይ ቆየ። ያን ጊዜ ከገበያው በኩል የጁምዓ አዛን ተሰማ።

«አጎቴ ለጁምዓ ሱቁን ዘግቷል» አለ ሚክዳድ፣ ጣቱን እያነሳ። «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ጋሼ። ሦስተኛዋን ማሽን ሱቅ ውስጥ ነው ያስቀመጥኳት። ነጋዴ ሱቁን ሲዘጋ እሳት ይነሳል ብሎ መብራቱን ከቆጣሪው ያጠፋል። እኔም በዚያ ቤት ነው ያደግኩት፤ ግን አላሰብኩትም።»

«ዲላ መጥፋቱን እኛ እናውቃለን። ለምን አትነግራትም?»

«ዛሬ እኔ አለሁ። በመከር እኔ ባልኖርስ? ዲላ ሞቶ ይሁን መንገድ ላይ መስመሩ ተቆርጦ፣ ከጨለለቅቱ ሲታይ አንድ ነው። ሁለቱም በሕይወት እያሉ ‹የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ› ብለው ለየብቻ ቢጽፉ፣ የአንድ ገበሬ ቡና ሁለት ታሪክ ይኖረዋል። ከዚያ ማን ያስታርቀዋል? ለዚህ ነው ምስክር ካላገኘች የምትቆመው።»

አቶ ወልደዮሐንስ የጠፉትን ማሽኖች አዩ። በሶንጎ፣ በአገሬው ሽማግሌዎች ሸንጎ፣ ብዙ የተቀመጡ ሰው ናቸው።

«ብቻዬን አልፈርድም አለች ማለት ነው» አሉ።

«አዎ።»

«እኛ ዘንድ ይህን የሚችል ሽማግሌ ጥቂት ነው። እንጠብቃት።»

ሚክዳድ ለአጎቱ ደወለ፤ አላነሳለትም። ጁምዓው ቢያልፈውም ከዚያው ሳይንቀሳቀስ ከሊቀመንበሩ ጋር ጠበቀ። ሶላቱ እንዳለቀ አጎቱ ደወለ።

«አንተ ልጅ፣ በሶላት ሰዓት ስልክ ምንድን ነው?»

«አጎቴ፣ ማሽኗን አጥፍተሃታል?»

«ቆጣሪውን አጠፋሁ፤ ባትሪዋ ጲጵ ጲጵ እያለች ብታስቸግረኝ እሷንም አጠፋኋት። እሳት ቢነሳ አንተ ልታጠፋልኝ ነው?»

«አብራት። እባክህ ሁለቱንም አብራልኝ።»

ስልኩ ውስጥ የሱቅ መዝጊያ ተንኳኳ፤ አጎቱ አጉረመረመ፤ አንድ ነገር ቀጭ አለ። ላፕቶፑ ላይ የምስክሯ አረንጓዴ ነጥብ በራች። ወዲያው ሥራውን የተረከበችው የጨለለቅቱ ነጥብ ተከተለቻት።

«ተነሳ!» አለች ሒባ። «ከቆመበት ቀጠለ። የመጨረሻው ጆንያ እንኳ አልጠፋም።»

ዲላ ግን አሁንም ጨለማ ነው። ሚክዳድ በሞተው ክፍል መሃል ቆሞ፣ ከተራሮቹ ማዶ የሚመዘነው አሸዋ በመስመር በመስመር ሲወርድ አየ። የነደፈው ራሱ ነው፤ ቢሆንም ጸጉሩ ቆመ። ዲላን መልሶ ሲያበራው፣ ሳይኖር የተጻፈውን ሁሉ ከጨለለቅቱ እየተቀበለ፣ ከለቅሶ እንደተመለሰ ጎረቤት ወሬውን በዝምታ አዳመጠ። እኩል ሲሆኑ የሁለቱም መዝገብ አንድ ዓይነት ሆነ።

«ምስክሯን ከሱቅ አውጣትና ኢዲዶ ባለው መፈልፈያ ጣቢያ የራሷን ቤት ሥራላት» አሉ ሊቀመንበሩ። «ለቦርዱ እኔ እነግራለሁ።» ከዚያ ኮታቸውን አውልቀው ወደ ማብሪያው ተጠጉ። «አሁን ግን ዞር በል። እኔ ራሴ ላጥፋው።»

ማብሪያውን ዝቅ አደረጉት፤ ክፍሉ ዝም አለ። ሁለቱም ትንፋሻቸውን ይዘው ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ።

«ምነው ዝም አላችሁ?» አለች ሒባ ከጨለለቅቱ። «እኛ እየመዘንን ነው።»