የግራ እግር ለቅሶ

አራተኛው ደረጃ ላይ የግራ እግሯ እምቢ አለ። ዱጃ የብረቱን መደገፊያ ጨብጣ ጠበቀችው፤ ጭኗን በመዳፏ መታችው፤ ቀጥላም እንዳስቸገረ ልጅ ተቆጣችው። አልሰማትም። የቱኒዚያዋ ከተማ የስፋክስ የነሐሴ ፀሐይ ከጣሪያው በር ቁልቁል እየፈሰሰ ፊቷን ይለበልባታል። በክንዷ ያንጠለጠለችው ዘንቢል ተገለበጠና ቀዩ ቃሪያ በደረጃው ላይ እየተንከባለለ ወረደ።

ተቀመጠች። ሌላ ምን ታደርጋለች።

ሕመሙ ከያዛት አሥራ አራት ዓመቱ ነው። ነርቯን ነው የሚበላው፤ አይቸኩልም፤ እየመረጠ ይወስዳል። መጀመሪያ ብስክሌት መንዳቷን ወሰደ። ከዚያ ተማሪዎቿ ፊት ቆማ ማስተማሯን። አምና ብቻዋን ገበያ መውጣትን። በየጊዜው አልቅሳ፣ ተጽናንታ፣ «እንግዲህ ከዚህ በላይ ምን ቀረኝ» እያለች ኑሮዋን በቀረው ልክ አጥባ ሰፍታዋለች። ዘንድሮ ጠፍጣፋው ጣሪያ ነበር የቀራት፤ የዓመቱን ቃሪያ የምታሰጣበት፣ አይዞሽ ባይ የማይከተላት ቦታ።

የታችኛው በር ተንኳኩቶ ተከፈተ። የባሏ ታላቅ እህት ላላ በያ ናት፤ «ላላ» የታላቅ ሴት የአክብሮት መጠሪያ ነው። ከየደረጃው ቃሪያውን እየለቀመች ወጣች።

«ምነው እዚህ?»

«እግሬን እየጠበቅሁ።»

ላላ በያ ብብቷ ሥር ገብታ አወረደቻትና ወጥ ቤት አስቀመጠቻት። የዱጃ እንባ ሲመጣ አየችና ምክሯን ጀመረች። ጥቁር አዝሙድ በማር። የግመል ወተት። ቃይረዋን ከተማ ያሉ አንድ ሼህ ደግሞ የጎረቤቷን የአክስት ልጅ ዳስሰው ብቻ አስነሥተዋታል። ዱጃ ማሩን ሦስት ዓመት በልታዋለች። ወተቱ ያተረፈላት የሆድ ቁርጠት ነው። ሼሁም ጋ ሄዳ ነበር፤ እሳቸውንም ጉልበታቸውን ያማቸዋል።

«ደሞ አሥራ አራት ዓመት እኮ ነው ልጄ። እስካሁን አልለመድሽውም?»

ዱጃ ቀና ብላ አየቻት።

«ላላ፣ ባልሽን ስንት ጊዜ ቀበርሽው?»

«ምን የሚሉት ጥያቄ ነው? አንዴ ነዋ።»

«እኔ ከራሴ እየቆረስኩ በየዓመቱ ነው የምቀብረው። ዛሬ ጠዋትም ቀበርኩ። አንቺ ለቅሶ ቤት መጥተሽ መድኃኒት ታዢያለሽ።»

ላላ በያ በእጇ የቀረውን አንድ ቃሪያ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ለቅሶ ቤት ምን ይደረጋል?»

አሮጊቷ ሻሿን አስተካክላ ወንበር ስባ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች፤ እጇንም ያዘች። በአገራቸው ለሐዘንተኛ የሚባለው «በረካው በቀሪዎቹ ይሁን» ነው፤ ግን እዚህ ቀሪው ማን እንደሆነ ግራ ገባት።

«በረካው…» አለች፣ «በቀኝ እግርሽ ይሁን።»

ዱጃ ሳቅ አመለጣት። ሳቁ ሳያልቅ ወደ ለቅሶ ዞረ። ላላ በያ በቃሽ አላለቻትም። ለቅሶው ሲወጣላት ግን ብድግ ብላ ለምሳው ሾርባ የተገዛውን ዓሣ ቅርፊት ትፍቅ ጀመር፤ ሐዘንተኛ አያበስልም።

ምሳ ሰዓት ላይ የዱጃ ባል ሞንጂ የጀልባ ሞተር ሲፈታ ካረፈደበት መጣ። እህቱን ምድጃው ጋ፣ የሚስቱን ዓይን አብጦ ሲያይ በሩ ላይ ቆመ።

«ማን ሞተ?»

«ጣሪያ መውጣት ቀረባት» አለች እህቱ።

ዱጃ «አይዞሽ፣ ያልፋል» እስኪላት ጠበቀች። ሁልጊዜ ይህን ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። ዛሬ ግን እጁን ታጥቦ ገበታ ቀረበ፤ ማንኪያውን አነሣ፤ ሾርባውን ሳይቀምስ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ከንፈሩን ቢነክስም ድምፁ አመለጠው።

ዱጃ መጀመሪያ የተሰማት ማዘን አልነበረም፤ ንዴት ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት የት ደብቆት ነው ዛሬ፣ በሷ ቀን፣ የሚያወጣው? አሁን ደግሞ እሱን ልታባብል ነው?

«ብላ፣ ይቀዘቅዛል» አለችው።

«አንቺ እንዳትሰሚኝ ነበር» አለ ዓይኑን ከሳህኑ ሳያነሣ። «ሥራ ቦታ ነበር የማለቅሰው። ሞተሩን አስነሥቼ።»

ላላ በያ ምድጃውን አጥፍታ ፎጣ በእጇ እንደያዘች ወደ ጓሮ ወጣች።

ዱጃ በረጅሙ ተነፈሰች። በቅባት የጠቆሩትን ጣቶቹን አየች፤ ዳቦውን ገመሰችና ወደሱ ገፋችው።

«በል ንገረኝ» አለችው። «እኔ እንደሆን የትም አልሄድም።»