ጥር ሠላሳ አንድ

የእንዳሻው ዘለቀ ሠርግ የተቆረጠው ለየካቲት አንድ ቀን ነበር፤ እሱ ግን የነቃው ጥር ሠላሳ አንድ ቀን ነው።

ጥር ሠላሳ አንድ ቀን እንደሌለው ማንም ያውቃል። ወሮቻችን ሠላሳ ሠላሳ ቀን ይይዛሉ፣ ትርፍራፊውን ለጳጉሜን ይተዋሉ። ይህን እንዳሻውም አይስተውም። ቢሆንም እጁ ላይ ያለው አዲስ ሰዓት ቀን በምታሳየው ትንሽ መስኮቱ 31 ይል ነበር። ጊዜው ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ነው። በሩን ከፍቶ ሲወጣ አዳማ ውስጥ ሰው አልነበረም።

ሰዓቱን የገዛው ከሦስት ቀን በፊት፣ በሰባ በመቶ ቅናሽ ነው። እንዳሻው ገንዘብ የሚወድ ሰው አይደለም፤ የሚወደው ቅናሽ ነው። ሚስት ሳያገባ የሕፃን መመገቢያ ወንበር ቤቱ የገባው ግማሽ ዋጋ ስለነበረ ብቻ ነው። እናም በሱቁ መስታወት ውስጥ ያንን የታወቀ የልብስ ስም የተጻፈበትን ሰዓት፣ የድሮው ዋጋ በቀይ ተሰርዞበት ሲያየው እግሩ አላልፍ አለው። ምክንያትም አላጣም። የእጮኛው የመክሊት አጎት ሰው የሚለኩት በእጅ አንጓው ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የተዋወቁ ዕለት ዓይናቸው ከእንዳሻው ባዶ እጅ ላይ አልነሣ ብሎ ነበር።

አብሮት የሄደው አንደኛ ሚዜው ዋሲሁን ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጠጋኝ ነው። ሰዓቱን ወደ ጆሮው አስጠግቶ አዳመጠና መለሰለት።

«ሱሪ የሚሰፋ ድርጅት ሰዓት ምን አገባው?» አለ። «ውስጡ መንገድ ላይ ዘርግተው ከሚሸጡት ጋር አንድ ነው። የምትገዛው ስሙን ነው።»

«ስሙንም ቢሆን በሰባ በመቶ ቅናሽ ነዋ።»

«ሦስት ዓመት መደርደሪያ ላይ የከረመ ዕቃ ነው እኮ፣ እንዳሻው!»

«አልተነካም ማለት ነው።»

ሻጯ ልጅ አልዋሸችም። ጎኑ ላይ ያለችው ማዞሪያ ለጌጥ የተለጠፈች መሆኗን ነገረችው። ሰዓቱንና ቀኑን የምታስተካክለው ሻጯ ራሷ ናት፣ ከጀርባው በኩል፣ በቀጭን መርፌ። «በኛ ነው በፈረንጅ?» ብላ ጠየቀችው። እንዳሻው በፈረንጅ አቆጣጠር አንድም ቀን ኖሮ አያውቅም። «በኛ ነዋ፤ ሰዓቱም ቀኑም» አላት። እንዳለው አደረገችለት። ከሠላሳ ቀጥሎ አንድ እንደሚመጣ ግን ለሰዓቱ የነገረው አልነበረም፤ ፋብሪካ ያስተማረውን ቆጠረ።

የሆነው ሆኖ እንዳሻው ተመልሶ ገባና ታጠበ፣ ሱፉን ለበሰ፣ ደረቱ ላይ አበባውን ሰካ። ዋሲሁን ጋ ደወለ። ስልኩ ጠራ፣ ተነሣ፣ ድምፅ ግን የለም። መክሊትም ጋ እንደዚያው ሆነ። «እኔ ነኝ፣ እየመጣሁ ነው» አለ። ከወዲያ ማዶ ስልኩ ተዘጋ።

ከዚያ ዕቃ የተበላሸበት ሰው የሚያደርገውን አደረገ፤ ደረሰኙን ኪሱ ከቶ ወደ ሱቁ ሄደ። መንገዱ ላይ ባጃጆች ያለ ሾፌር ወዲያ ወዲህ ይላሉ። አንዷ ዳር ይዛ ቆመች፣ ሦስት ሰው እንደጫነች ሁሉ ዝቅ አለችና ሄደች። እንዳሻው እጁን ቢያነሣም አልቆመችለትም።

ሱቁ ደጃፍ ደረጃው ላይ አሥራ አንድ ሰዎች ተደርድረው ተቀምጠዋል። ከአንዱ በቀር ሁሉም እጃቸው ላይ ያው የሱ ዓይነት ሰዓት አለ። አንዲት ሴትዮ ፊት ለፊታቸው ቆመው ብርቱካን ይልጣሉ። ወይዘሮ ዘነቡ ይባላሉ።

«ሙሽራ ነህ?» አሉት።

«ነኝ።»

«ወይ ጉድ! በል ና አረፍ በል። ደረሰኙን ተወው፣ ዛሬ ሻጭ የለም።»

ነገሩን የብርቱካኑን ልጣጭ ሳይበጥሱ አስረዱት። ይህን ሰዓት በኛ አቆጣጠር ያስሞላ ሁሉ በየወሩ መጨረሻ እዚህ ይመጣል። ሌላው ሰው ዛሬ የካቲት አንድ ላይ ነው፤ ይኖራል፣ ይበላል፣ ባጃጅ ይሳፈራል፣ ግን አይታይም። ነገ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን መስኮቷ ወደ አንድ ትዞራለች፣ የሰዓቱም ባለቤት ወደ ሰው ይመለሳል። የሚያጣው አንድ ቀን ብቻ ነው።

«ዛሬን ነው የማጣው?» አለ እንዳሻው። «እትዬ፣ ሠርጌ እኮ ዛሬ ነው።»

«አይቻለሁ፣ አበባ አድርገሃል።»

«በመርፌው አሁኑኑ ማዞር አይቻልም?»

«መርፌው ልጅቷ ጋ ነው፤ ልጅቷ ደግሞ የካቲት ላይ ናት። እኔ በየወሩ ስመለስ እሷ ጋ ሄጄ ነው የማስተካክለው።»

«በየወሩ? ለምን ሰዓቱን አይጥሉትም ታዲያ?»

ወይዘሮ ዘነቡ እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠበቁ አይመስሉም። «ስድስት ልጅ አሳድጌያለሁ» አሉ። «እዚህ ስመጣ በወር አንዷን ቀን እንኳ የሚጠራኝ የለም። በዚያ ላይ በቅናሽ ነው የገዛሁት።»

እንዳሻው ደረጃው ላይ ወደተቀመጡት ዞረ። «እነሱስ?»

«የእነሱ ቆሟል። ሦስት ዓመት መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ባትሪ ምን ይተርፈዋል? እዚህ እያለ የቆመበት ሰው መስኮቱ ከ31 አይነቃነቅም።»

የዝናብ ልብስ የለበሰ ሰውዬ እጅጌውን ሰብስቦ አሳየው። 31 ይላል። «እኔ ከሐምሌ ጀምሮ ነኝ» አለ። ቅሬታ ያለው አይመስልም።

«ባወልቀውስ?»

«አንድ ሰው አውልቆት ነበር። በማግስቱ ሰዓቱ ብቻውን ወጣ» አሉና ወይዘሮ ዘነቡ እጁ ላይ ምንም ወደሌለው ሰው በአገጫቸው አመለከቱ። ሰውየው በጨዋ ደንብ እጅ ነሣ።

እንዳሻው ፈራ። መክሊት የምታለቅሰው በግራ ዓይኗ ጀምራ እንደሆነ ያውቃል፤ ይህን ከሱ ሌላ የሚያውቅ የለም። ያንን ዓይን ዳግም አለማየት ሊኖር እንደሚችል አሁን ገና ገባው።

«የሰከንድ ቆጣሪዋ እንዴት ናት?» አሉ ወይዘሮ ዘነቡ።

«ትዘላለች።»

«በስንት በስንት?»

እንዳሻው ጎንበስ ብሎ አያት። «በአራት በአራት።»

«እንግዲያስ አትቆይም። ባትሪው ሲያልቅ እንደዚያ ታደርጋለች።»

«የእርስዎስ?»

«የኔ አዲስ ነው፣ ለመስቀል ነው ያስቀየርኩት።»

እንዳሻው ሰው የሚለምን ዓይነት አልነበረም፤ ዛሬ ግን ለመነ። ባትሪውን ያበድሩት፣ ነገ ወጥቶ በሚቀጥለው ወር ይመልሳል፣ በእናቱ ይምላል። ወይዘሮ ዘነቡ ከብርቱካኑ ግማሹን አካፍለው ሰጡት።

«ልጄ፣ ብሰጥህ እኔ እቀራለሁ፤ እዚህ አንዴ የቆመ ሰዓት አዲስ ባትሪ ቢገባለትም አይነሣም። አልዋሽህም፣ አልሰጥህም።» እውነት ዓይናቸው እንባ አቀረረ። አልሰጡትም ግን።

አምስት ሰዓት ከሃያ ላይ ቆጣሪዋ ወደ ኋላ አንዴ ተንቀጠቀጠችና ቆመች። እንዳሻው ሰዓቱን ወዘወዘው። መዳፉ ላይ መታ መታ አደረገው። እስትንፋሱን እፍ አለበት፣ ሱሪው ላይ አሸው፣ ፀሐይ ላይ ያዘው። ለጌጥ የተለጠፈችውን ማዞሪያ በጥርሱ ሳባት፤ ተነቅላ ወደቀች፣ ሥሯ ባዶ ነበር። የዝናብ ልብስ የለበሰው ሰውዬ ደረጃው ላይ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀለት።

«እኔ ነገ እወጣለሁ» አሉ ወይዘሮ ዘነቡ። «ለሙሽራዋ ምን ልበልልህ?»

«እየመጣ ነው ይበሏት።»

«መቼ ብትለኝስ?»

እንዳሻው የተለቀቀለትን ቦታ ሳይነካ መክሊት ቤት ድረስ በእግሩ ሄደ።

ድንኳኑ ተጥሏል። ጭልፋዎች ከድስት ወደ ሳህን ይመላለሳሉ፤ ብርጭቆዎች አየር ላይ ተነሥተው ባዶ ሆነው ይወርዳሉ። ዘፈን የለም፣ እልልታ የለም። መሐል ላይ የተጎዘጎዘው ቄጠማ ክብ እየሠራ፣ እየተረጋገጠ ይዞራል፤ ከሥሩ አቧራ ይነሣል። እንዳሻው ጨፋሪዎቹን ላለመግፋት ዳር ዳሩን ይዞ አለፈ። ይቅርታም እየጠየቀ ነበር።

ከፍ ባለው መድረክ ላይ ነጭ የለበሱ ሁለት ወንበሮች አሉ። የግራው መከዳ ጎድጉዷል፤ ሰው ተቀምጦበታል። መክሊት ናት። ከፊቷ የአበባ እቅፍ አለ፣ ቅጠሎቹ ይንቀጠቀጣሉ። የቀኙ መከዳ ግን ሙሉ ነው፣ እጥፋቱ እንኳ አልተነካም። ጠብቃዋለች። እንዳሻው ደስ አለው። ባትታየውም ባትሰማውም አጠገቧ ይቀመጣል፤ ቀኑን ሙሉ ይቀመጣል፣ የሚመጣውንም ወር ይቀመጣል። መድረኩን ወጣ፣ ኮቱን አስተካከለ፣ ሊቀመጥ ጎንበስ አለ።

የቀኙ መከዳ፣ እሱ ገና ሳይነካው፣ በሌላ ሰው ክብደት በቀስታ ወደ ታች ጎደጎደ።

ቄጠማው ላይ የሚዞረው ክብ ለአፍታ ቆመ፤ ከዚያ ከበፊቱ በበለጠ ጉልበት ተረጋገጠ። ከጠረጴዛው ላይ ሁለት ብርጭቆዎች ተነሡ፣ ክንድ ለክንድ ተጠላልፈው አንዱ ወደ ሌላው ተሻገረ፣ እኩል ዘንበል አሉ፣ ባዶ ሆነውም ጎን ለጎን ተመለሱ።