ሐሙስ ከመፈረሟ በፊት

እማዬ ከሞተች ሦስት ሳምንት አልፏል፤ እህቴ ሰርካለም ግን አልሰማችም። በየእሁዱ ከጆርጂያ ስትደውል እማዬ ጠበል ሄዳለች፣ አጅባር ያለችው አክስታችን ዘንድ ሰንብታለች፣ ድምፅዋ ተዘግቶ መናገር አቅቷታል እንላታለን። እንላታለን እላለሁ እንጂ የምላት እኔ ነኝ። አጎታችን ጋሼ ይሄነው አጠገቤ ተቀምጠው ያዳምጣሉ። ስልኩን ስዘጋ "ጎሽ ልጄ" ይሉኛል። እኔ ከዚያ በኋላ እስከ ማታ ከሰው ጋር መነጋገር አልችልም።

"መርዶ በስልክ አይነገርም" የሚሉት እሳቸው ናቸው። "መርዶ በጠዋት ነው፤ ሰው ከቦ ነው። እዚያ ባዕድ አገር ብቻዋን ሰምታ ራሷን መሬት ላይ ስትጥል ማን ይይዛታል? ማን ፊቷን ያጥባታል?"

ሰርካለም የሆቴል እንግዳ ተቀባይ ናት፤ የምትኖረውም ብቻዋን ነው። እንደዚያ ነበር የነገረችን።

ባለፈው እሁድ አንድ ነገር ጨመረች። "ሐሙስ ከሥራ ስወጣ የሁለት ዓመት ውል ልፈርም ነው፣ ሐረግዬ። ደክሞኛል፤ ብመጣ ነበር ደስ የሚለኝ። ግን የእማዬ ሕክምና አለ። ለእሷ ስል ልቻለው እንጂ።"

ጋሼ ይሄነውን አየኋቸው። አንገታቸውን ደፉ። እኔም "እግዜር ያበርታሽ" አልኳት።

ከዚያ ወዲያ ስልኩን እያነሳሁ መልሼ አስቀምጣለሁ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው የፈንታሁን ስልክ ቤት ሄድኩ፤ እቤት ሰው ስለማይጠፋ ነው። እንዳትፈርሚ ልላት ቆርጬ ነበር። ለምን ብትለኝ የምመልሰውን ግን አላዘጋጀሁም። ደጋግሜ ደወልኩ። ስልኳ ዝግ ነው። ሥራ ላይ ሲሆኑ ስልካቸውን ሰብስበው ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆልፉባቸዋል።

"እንዲህ ካፈጠጥሽበት ያፍርና ይጠራ ይሆናል" አለ ፈንታሁን። ከሰርካለም ጋር አንድ ክፍል የተማረ ነው፤ ከእኔ ጋርም እንደ ወንድም ነው የሚቀላለደው።

"ዛሬ ካላገኘኋት ትፈርማለች" አልኩት። ነገሩን ሁሉ ነገርኩት። እሱም ለቅሶ የደረሰ ነውና ማስረዳት አልበዛብኝም። የሚጠግነውን ስልክ አስቀመጠ።

"ሐረግ፣ አትቀየሚኝ። አሁን እኮ ልታያት ትችያለሽ።"

"የት?"

"ሆቴል አይደለም የምትሠራው። ካዚኖ ነው። ካሜራ ፊት ቆማ ካርታ ታድላለች፤ ሰው በየአገሩ ሆኖ በስልኩ ይጫወታል። ጓደኛዬ ሲጫወት ነው ያየኋት።"

"የቱ ጓደኛህ?"

"እኔ ነኛ! ምን ታደርቂኛለሽ?" በሩን ገርበብ አድርጎ ስልኩን ከፈተ። "እሷን እንዳየሁ ደንግጬ ወጣሁ። ሁለተኛ አልገባሁም፣ ማርያምን።"

አረንጓዴ ጠረጴዛ መጣ። ከኋላው ፀጉሯ የተተኮሰ፣ ከንፈሯ የቀላ ሴት ቆማለች። ደረቷ ላይ "ሳራ" የሚል ስም አለ። መጀመሪያ አላወቅኋትም። በምስል አትደውልልንም ነበር፤ እኛም ጥቁር ስለለበስን በምስል ካልደወልሽ አላልናትም። ካርታውን ከሳጥኑ በአመልካች ጣቷ ገፋ አድርጋ ስታወጣ ግን አወቅኋት። ምስር ስትለቅምም እንደዚያው ነበር፤ ጠጠሩን በአንድ ጣት ወደ ዳር ትገፋዋለች።

"መልእክት መጻፊያው እዚህ ጋ ነው" አለ ፈንታሁን። "ግን ገንዘብ ላስያዘ ሰው ብቻ ነው የሚከፈተው። እኔ ልጫወት፣ አንቺ ጻፊ።"

ካርታ በእጄ ይዤ አላውቅም። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ የዶርም ልጆች ኮንከር ሲጫወቱ እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ አነብ ነበር። ያም ሆኖ ስልኩን ልሰጠው አልፈለግሁም።

"እኔ ልጫወት። እንዴት እንደሆነ ንገረኝ።"

"ፖከር ነው። ሁለት ካርታ ላንቺ፣ ሁለት ለእሷ። መሀል የሚዘረጋው የጋራችሁ ነው፤ ከያዝሽው ጋር የሚመሳሰል ከወጣ ጥሩ ነው። ጥሩ ከመሰለሽ 'ቀጥል' ትያለሽ፣ ካልመሰለሽ ትተያለሽ። ሰዓት ይቆጥርብሻል፤ ዝም ካልሽ ካርታሽ ይወድቃል።"

ትንሿን መጠን አስያዝኩ። እህቴ ወደ ጎን ወዳለው ስክሪን አየችና በእንግሊዝኛ "እንኳን ደህና መጣህ፣ መካነ ሰላም" አለች። ፈንታሁን የተመዘገበው በከተማችን ስም ኖሯል። ዓይኖቿ እዚያው ስክሪን ላይ ትንሽ ቆዩ።

ሰባትና አራት ደረሰኝ። መሀል ከተዘረጉት ሦስቱ አንዱ ሰባት ነው። ሰዓቱ መቁጠር ጀመረ። በእንግሊዝኛ ፊደል "እታለም፣ ሐረግ ነኝ" ብዬ ላክሁ።

እጇ ካርታው ላይ ቀጥ አለ። ፈገግታዋ ግን አልጠፋም።

"ተጫኚ እንጂ!" አለ ፈንታሁን። "ቀጥል በይ!"

ተጫንኩ።

"ቤተሰብ እንዴት ነው?" አለች፤ አሁንም በእንግሊዝኛ፣ ማንንም እንግዳ እንደምትጠይቅ አድርጋ።

"እንዳትፈርሚ" ብዬ ጻፍኩ።

አነበበችው። የቀሩትን ካርታዎች ገለጠች። በሁለት ሰባት አሸነፍኩ። እንኳን ደስ ያለህ ብላ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ "ለምን እንደሆነ መጠየቅ ይቻላል?" አለች። ሌሎቹ ተጫዋቾች ከማን ጋር እንደምታወራ አላወቁም።

እንደገና አስያዝኩ። ሁለት ካርታ መጣልኝ፤ ምን እንደነበሩ አላስታውስም። "እማዬ" ብዬ ጻፍኩና አጠፋሁት። ጋሼ ይሄነው ያሉት ሁሉ ትክክል ነበር። ጠዋት አይደለም፤ ሰውም አልከበባትም። ወደ ታች ሳይ የሹራቤን ጥቁር እጅጌ አየሁት። እኔ እሷን አያታለሁ፤ እሷ እኔን አታየኝም። ብታየኝ ኖሮ አንድ ቃል ባላስፈለገኝ ነበር።

"ጥቁር ለብሻለሁ" ብዬ ጻፍኩ። "ፀጉሬንም ተቆርጫለሁ።"

ወደ ጎን አየች። አነበበች። ከዚያ ፊት ለፊት ወደ ካሜራው ቀና አለች፤ ፈገግታው ሌላ ሰው እንዳስቀመጠላት ዕቃ ፊቷ ላይ ቀረ። አንዱ ተጫዋች የሚያስቅ ነገር ጽፎ ነበር መሰለኝ፣ አመሰገነችው። ካርታዎቹን አንድ በአንድ ገለጠች። እኔ ምንም ስላልተጫንኩ ካርታዬ ወድቋል።

ጠረጴዛውን የሚረከባት ሰውዬ ከኋላዋ መጣ። መዳፎቿን ዘርግታ ለካሜራው አሳየች፤ ገልብጣም አሳየች።

"ደንብ ነው" አለ ፈንታሁን ቀስ ብሎ። "ምንም አልደበቅሁም ለማለት ነው።"

አላወረደቻቸውም። ሰውዬው ጠበቃት፣ ከዚያ ትከሻዋን ነካ አደረጋት። ቦታውን ለቀቀችለት።

ፈንታሁን ስልኩን ዘጋና ዱካ አምጥቶ አስቀመጠኝ። ውጭ የደሴ አውቶቡስ ረዳት እየተጣራ ነበር።

ስልኬ ጠራ። መጀመሪያ ትንፋሿ ብቻ ነበር የሚሰማው።

"ዕረፍት ነው፤ ስልኬን አስከፍቼ ሽንት ቤት ገብቻለሁ" አለች። "አልፈርምም። መቼ ነው?"

ነገርኳት።

"ሕመሙ ጠናባት እንዴ? ተሰቃየች?"

"አልቆየችም፣ እታለም።"

"ጋሼ ናቸው አይደል ደብቋት ያሉት?"

"ብቻሽን ስለሆንሽ ነው። ማን ይይዛታል ብለው።"

"ብቻዬን አይደለሁም" አለች። "ኡምኩልሱም አለች፤ የጎረቤታችን የወግዲ ልጅ ናት። ሌሎችም አሉ። አንድ ቤት ነን፣ ሁላችንም ካርታ እናድላለን። እነሱን ካነሳሁ ሥራችሁ ምንድን ነው ትሉኛላችሁ ብዬ ነው።" አፍንጫዋን ሳበች። "ቁጥሯን ልላክልሽ። ለጋሼ ስጪያቸው። ጠዋት ልጆቹ ሰብሰብ ብለው ይንገሩኝ። በወጉ ይሁንልኝ። እኔ እስካሁን አልሰማሁም፣ እሺ?"

"ዛሬስ እንዴት ታድሪያለሽ?"

"ሁለት ሰዓት ሥራ ይቀረኛል" ብላ ዘጋችው።

እቤት ስደርስ ጋሼ ይሄነው የሰጠኋቸውን ቁጥር አገላብጠው አዩት። "ከየት አመጣሽው?"

"ከሰው ነው። አብራት የምትኖር ልጅ አለች።"

ፊቴን ለረጅም ጊዜ አዩት፤ ብዙ የገባቸው መሰለኝ፤ ግን አልጠየቁኝም። ወዲያው ደወሉ። ኡምኩልሱም በወግዲ አነጋገሯ "አብሽሩ ጋሼ፣ ኢንሻአላህ ጠዋት እኛ ከበን እንነግራታለን" አለቻቸው። እሳቸውም እያነቡ መረቋት።

አርብ ማለዳ ስልኩን መሀል አስቀምጠን ዙሪያውን ተቀመጥን። ከወዲያ በር ሲከፈት፣ የብዙ ሴቶች እግር ሲገባ ይሰማል። ከዚያ ኡምኩልሱም "ሰርኬ፣ ተነሽ እስቲ" አለች።

እኔ ብቻ ነበርኩ እንደምታውቅ የማውቀው። ታስመስላለች ብዬ ፈርቼ ነበር። ስትጮህ ግን ዛሬ የሰማ ሰው ጩኸት ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ አፍና ያቆየችው። ሴቶቹም አብረዋት ጮኹ፤ በአማርኛ፣ በአረብኛ፣ በማላውቀውም ቋንቋ።

ጋሼ ይሄነው በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

"ይዘዋታል?" አሉኝ።

"ይዘዋታል" አልኳቸው። መደቡ ላይ ጋደም እንዳልኩ፣ ጫጫታው መሀል እንቅልፍ ወሰደኝ።